አባይን የወጣችው መርሰዲሴ እና የደብረ ማርቆሱ ጋሼ

ትናንት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ነዳሁ። ጎሃ ጽዮን ላይ ቆም ብዬ ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ አባይን ወረድኩ፣ ድልድዩን ተሻገርኩ፣ ደጀን ድረስ ወጣሁ። ቁልቁለቱና ዳገቱ አንድ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባድ መኪኖች ዳር ይዘው፣ ኮፈናቸውን ከፍተው ቆመዋል። የኔዋ መርሰዲስ ከ35 ዓመት በላይ ሆኗታል። የሙቀት መርፌዋ ከ90 ትንሽ አለፍ አለችና እዚያው ቆመች። ደጀን እንደደረስኩ ዳር ይዤ ለመካኒኬ ለጋሼ ደወልኩ።

«ወጣች?» አሉኝ።

«ወጣች ጋሼ!»

«በይ እሰይ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለማመስገን ነው። ጎጃም ውስጥ የቆየ የጀርመን መኪና ያላችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎችም እንድታውቋቸው እፈልጋለሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን አላወጣም። «ልጄ፣ ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጪኝ» ብለውኛል፤ ቃላቸውን አከብራለሁ። ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባህር ዳር መውጫው በኩል ሄዳችሁ «የመርሰዲሱ ጋሼ» ብላችሁ ጠይቁ። ባለባጃጆቹ ያደርሷችኋል።

ስለ መኪናዋ ትንሽ ልንገራችሁ። 300ኢ ናት፣ በፈረንጆቹ 1989 የተሰራች። ባለ 3 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር ሞተር፣ ከ180 እስከ 190 የፈረስ ጉልበት። በዘመኗ አምስት ሰው ከነሻንጣው ጭና በሰዓት ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ የምትሄድ መኪና ነበረች። ታላቅ እህቷ 500ኢ ደግሞ 326 የፈረስ ጉልበት ያላት ናት። ጎኗ ሰፍቶ በመርሰዲስ ፋብሪካ መስመር ላይ አላልፍ ስላለ ፖርሼ ነው ሰርቶ የሚገጣጥማት የነበረው። አባቴ የፕሮጀክት መኪና ሹፌር ስለነበር እነዚህን ታሪኮች ከልጅነቴ ጀምሮ ከሱ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስራ ይዤ ገንዘብ ሳጠራቅም ምን እንደምገዛ ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

ጀርመን ላይ 180 ፈረስ ያለው ሞተር ደብረ ማርቆስ ላይ ያን ያህል የለውም። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። እሱ ተቀንሶበትም ግን ሞተሯ ስትጠራ መስማት ደስ ይላል። ያለ ምንም ጩኸት እንደ ልብስ ስፌት መኪና ለስላሳ ናት።

አሁን እንደዚህ ያለ መኪና ከውጭ ማስገባት አይታሰብም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት እነዚሁ ናቸው። አንዷ ስትበላሽ በአላዋቂ እጅ ተበጣጥሳ አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራ ከተሸጠች ምትክ የላትም። የጋሼ ዋጋ የገባኝ ለዚህ ነው።

ወደ በሽታዋ ልምጣ። መኪናዋን በገዛሁ በስድስተኛው ወር ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይሰጣት ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ተበላሸ። ጠዋት ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፤ መብራት ላይ ስቆም ወርዳ ወርዳ ልትጠፋ ትደርሳለች፤ ከዚያ ራሷ ትመለሳለች። አንድ ጋራዥ ካንዴላ ቀየረ። ሌላው የቤንዚን ፖምፓ ቀየረ። ሦስተኛው የነዳጅ ማከፋፈያው ሞቷል አለኝ። ይህች መኪና ኬኢ-ጄትሮኒክ የሚባል የቦሽ የነዳጅ ሲስተም ነው ያላት። ማከፋፈያው ሞተሩ ላይ የተቀመጠ ከባድ ብረት ነው፤ ስድስት ቀጫጭን ቱቦዎች እንደ ሸረሪት እግር ወደ ስድስቱ ሲሊንደሮች ይሄዱበታል። ዋጋውን ሲነግሩኝ 90 ሺህ ብር አሉኝ፤ ያገለገለውን ነው እንግዲህ። ለመክፈል እየተዘጋጀሁ ነበር።

አንድ ደንበኛዬ «እዚህ ማርቆስ አንድ ሰው አለ፣ መጀመሪያ አሳዪያቸው» አለኝ። ሄድኩ።

ጋሼ ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም። ዱካ ላይ ተቀምጠው ጠየቁኝ። መቼ ጀመራት? ስትቀዘቅዝ ነው ስትሞቅ? ኮረኮንች ላይ ይብስባታል? ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ስትንቀጠቀጥ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራ ነገር አለ?»

አለ። የኤቢኤስ መብራት ትበራ ነበር። ግን እሱ የፍሬን ነው፣ ቆይቶ ይታያል ስለተባልኩ ረስቼው ነበር። የሚገርመው እስከዚያ ቀን ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ አንድም መካኒክ አልነበረም።

ጋሼ ተነሱ። ባትሪው ጀርባ እጃቸውን ሰደው የክብሪት ቀፎ የምታክል የብረት ሪሌ (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ) ነቅለው አወጡ። አናቷ ቀይ ፕላስቲክ ነው፤ ውስጡ ፊውዝ አለ። ፊውዙ ደህና ነበር። ቆርቆሮዋን በካቻቢቴ ፈልቅቀው ከፈቱና ወደ ፀሐይ አዙረው አሳዩኝ። እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ስውል የምኖር ሰው ነኝ። መጀመሪያ ግን ምንም አልታየኝም። ቆይቼ አየሁት። አንዷ የስታኞ (የብየዳ ቆርቆሮ) ነጥብ ዙሪያ ፀጉር የምታህል ጥቁር ክብ አለች። ስታኞው ተሰንጥቋል።

«ይቺ ለሁለቱም ኮምፒውተር መብራት የምትሰጠው ናት» አሉኝ። «ለፍሬኑም ለነዳጁም። ኃይለኛ ቮልት መጥቶ እንዳያቃጥላቸው ትጠብቃቸዋለች። ስትሰነጠቅ ሁለቱም አንድ ላይ ይጠፋሉ። ለዚያ ነው ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ኤቢኤሱ የሚበራው።»

ሬድዮ ጠጋኝ ሆነው ነው ስራ የጀመሩት። መበየጃቸውን አሞቁ፣ አሮጌውን ስታኞ ጠርገው አዲስ ጣሉበት፣ መልሰው ሰኩት። አስነሳኋት። ሚኒሞው ቁጭ አለ። የኤቢኤስ መብራቷም ጠፋች። ራዲያተሩ ላይ የብርጭቆ ውሃ አስቀመጡ፤ የውሃው ፊት እንኳ ብዙ አልተንቀሳቀሰም። 90 ሺህ ብር የተባልኩበት ነገር 800 ብር ፈጀ። እሱንም «ይሄ ማስታገሻ ነው፣ አዲሷን ሪሌ አስመጪ» ብለው ነው የተቀበሉኝ። አዲሷን ዘመድ ከዱባይ ይዞልኝ መጥቶ አሁን እሷ ናት የምትሰራው። የጠገኗት አሮጌዋ መጠባበቂያ ሆና ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አለች።

እኔ ሙያዬ ምርመራ ነው። በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት ሲታዘዝ ያንገበግበኛል። ለዚህ ነው የእሳቸው አሰራር ልቤን የነካው።

ሁለተኛው ስራ የሙቀቱ ነው። መኪናዋን ስገዛት ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) አልነበራትም። አንድ ሰው አውጥቶ ጥሎታል። እኛ አገር ይህ ልማድ ሆኗል፤ መኪና ሞቀ ሲባል ቴርሞስታቱን መጣል። ጋሼ ይህን ሲያዩ በእውነት ተናደዱ። ማርቆስ ብርድ ነው፤ ቴርሞስታት ከሌለ ሞተሩ ሙቀቱን አያገኝም። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ስሄድ የነበረው ለካ በዚህ ነው። አሁን 8 እሄዳለሁ፤ ለቤንዚን ሰልፍ የሚቆም ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

አዲሱን ቴርሞስታት እንዲሁ አልገጠሙትም። ባለቤታቸው ቡና ያፈሉበትን ከሰል ለመኑ፣ ብረት ድስት ጣዱ፣ ቴርሞስታቱን በሽቦ አንጠለጠሉት። እኔ ከላብራቶሪዬ ቴርሞሜትር ይዤ ሄድኩ። 87 ላይ መከፈት አለበት። 86፣ 87 ሲል አፉን ከፈተ። 92 አካባቢ ውሃው ተንፈቀፈቀ። በዚህ ከፍታ ውሃ 100 ሳይደርስ ይፈላል። ይህን እኔ በትምህርት ቤት አውቀዋለሁ፣ ከመኪና ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም። «አየሽ» አሉኝ፣ «ቆላ ያለ መኪና ክዳኑ ቢላላም ትንሽ ይታገሳል። እዚህ ግን ክዳኑ ግፊቱን ካልያዘ 92 ላይ ይፈላብሻል።» ክዳኑም ተቀየረ። ራዲያተሩ ዝም ብሎ ውሃ ሲሞላበት ኖሮ በኖራ ተደፍኖ ነበር፤ ተፈቶ ተጠረገ። አሁን ኩላንት እንጂ ተራ ውሃ አይገባበትም፤ ቴስታታዋ (የሞተሩ አናት) አልሙኒየም ስለሆነ ተራ ውሃ ይበላዋል።

ቬንቲላተሩንም (የራዲያተሩን ማራገቢያ) በአንድ ደቂቃ ነው የፈተሹት። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አጥፍተው በእጃቸው አሽከረከሩት። ያለ ምንም ተቃውሞ ዞረ። ሲሞቅ መያዝ ነበረበት። ተቀየረ። ትናንት አባይ ላይ ያዳነኝ እሱ ይመስለኛል። ቁልቁለቱን ደግሞ ፍሬን ላይ ተኝቼ እንዳልወርድ አስጠንቅቀውኛል፤ ማርሹን ወደ 3፣ ሲብስም ወደ 2 አውርጄ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት።

እምቢ ያሉኝም ነገር አለ። የኋላ እግሯ በያንዳንዱ ጎን አምስት ክንድ ነው ያላት። ይህን አሰራር መርሰዲስ መጀመሪያ ያመጣው በፈረንጆቹ 1982 በትንሿ 190 ላይ ነው። መንገድ ላይ እንደተጣበቀች የምትሄደው በሱ ነው። ግን ክንዶቹ መገጣጠሚያቸው ላይ ጎሚኒ (የጎማ ቁራጭ) አላቸው፣ ጎሚኒው ደግሞ በኛ መንገድ ያልቃል። እኔ ቸኩዬ ነበር፤ ከጎማ ተቆርጦ ይሰራልኝ አልኳቸው። «አላደርገውም» አሉኝ። «ደረቅ ነው፣ ክንዱን ይሰብረዋል። በ120 ስትሄጂ ቢሰበርስ?» ሦስት ሳምንት መኪናዋን አቁሜ ትክክለኛው ጎሚኒ እስኪመጣ ጠበቅኩ። ሦስት ሳምንት ገንዘብ ሳያገኙ ግቢያቸው ውስጥ አቆዩልኝ። የማቆሚያ እንኳ አልጠየቁኝም።

ሊገዛ ላሰበ ሰው የሚሆን አንድ ታሪክ ልጨምር። ለአጎቴ ልጅ ባህር ዳር ላይ 300ኢ ተገኘ ተባለና ጋሼን ይዘን ሄድን። መኪናዋ ታበራለች። የኋላ ኮፈኗ ላይ 300ኢ የሚል ጽሁፍ አለ። ስድስት ሲሊንደር ናት፤ ድምጿም ያው ነው። ደላላው ዋጋውን ወደ ላይ ሰቅሎታል። ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው የሻንሲ ቁጥሩን በጨርቅ ወለወሉና መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። መጀመሪያ ካሉት ሦስት ፊደላት ቀጥሎ 124026 ይላል። 300ኢ ብትሆን 124030 ነበር የሚለው። 026 ማለት 260ኢ ናት፣ ባለ 2.6 ሊትሯ። የሞተሩ ቁጥርም 103940 ብሎ ይጀምራል፤ የ300ው 103983 ነው። ጽሁፉን አንድ ሰው ገዝቶ ለጥፎበታል።

ሻጩን አላዋረዱትም። ምናልባት እሱም ሳያውቅ ገዝቷት ይሆናል። ለብቻው ጠርተው ቁጥሩን አሳዩት። ከዚያ ጎን ላይ ያሉትን የክሪክ ማስገቢያ ክዳኖች አንድ በአንድ ነቅለው በባትሪ አዩ። ዝገቱ ያለው እዚያ ነው፤ ከላይ ቀለም ብታበራ ከታች እሱ ይነግራችኋል። ንጹህ ነበረች። «መኪናዋ ጥሩ ናት፣ ዋጋዋ ነው ውሸቱ» አሉን። የአጎቴ ልጅ በ260 ዋጋ ገዛት። ዛሬም ባህር ዳር ላይ ይነዳታል።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ እሁድና በበዓል ቀን አይሰሩም። ቀጠሮ ሲሰጧችሁ ይጠብቁታል፣ እናንተም ጠብቁት። ኤሌክትሪኩንና ሞተሩን ራሳቸው ይሰራሉ፤ የቦዲ ስራ ግን አይነኩም፣ ሌላ ሰው ይጠቁሟችኋል። ዕቃ ራሳቸው አይሸጡም። የዕቃውን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ይሰጧችኋል፣ ከፈለጋችሁበት ትገዛላችሁ፣ አሮጌውን በፌስታል ይመልሱላችኋል። ቢኤምደብሊው እና አውዲም ይሰራሉ፣ ኮምፒውተር የበዛበትን አዲስ መኪና ግን «አላውቀውም» ብለው ይመልሳሉ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ጽሁፍ እንደምታነብልዎ አውቃለሁ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በህይወት ኖሮ ቢያገኝዎ ከግቢዎ አይወጣም ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ከመሄዳችሁ በፊት ሞተሩን እንዳታሳጥቡ። ዘይቱ ከየት እንደሚያፈስ ማየት ይፈልጋሉ።