የመኪና ሞተር ዕቃ ብልሽት ቢገኝበትስ? አዲስ፣ የታደሰና ያገለገለ ሲነጻጸሩ

የሞተር ዕቃ ስትገዙ ዋጋውን ብቻ አትዩ፣ ብልሽት ቢወጣበት ሻጩ ጋ ተመልሳችሁ ምን ማስረጃ እንደምታቀርቡም አስቡ፣ እኔ አሁን የምመርጠው በዚህ ነው።

አዲስ ኦሪጅናል ውድ ነው ግን ክርክሩ ይቀላል፣ ፓርት ቁጥሩ አለ ደረሰኙ አለ። ሌላ ፋብሪካ የሚያመርተው አዲስ ደግሞ ጥሩም መናኛም አለው፣ ዋራንቲ ቢኖረውም ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ዕቃውን እንጂ የመካኒኩን የእጅ ዋጋ አይደለም። እኔ የገዛሁት የውሃ ፓምፕ በሳምንቱ ከስሩ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ መንጠብጠብ ጀመረ፣ ሻጩ "መካኒክህ ነው ያበላሸው" አለኝ፣ ግን ያቺ ቀዳዳ የተበጀችው ውሃ እንዳይወጣ የሚያግደው የውስጥ ማሸጊያ (ሲል) ውሃ ሲያሳልፍ እንድታሳይ ስለሆነ ሳይፈታ ቪዲዮ ቀርጬ ወስጄ ቀየረልኝ። የመፍቻ የማሰሪያውን ግን ሁለቴ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

የታደሰ ቴስታታ (ብሎኩ ላይ የሚታሰረው የሞተሩ ራስ) ከሆነ ሳይታሰር አስለኩት በጣም እለምናችኋለሁ። ፊቱ ተስተካክሏል ተብሎ የተሸጠልኝን መካኒኬ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሞ ከስሩ ያለውን ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ ሲሞክረው የ0.10 ሚሊሜትሯ ሰተት ብላ ገባች፣ ለብዙ የአሉሚኒየም ቴስታታ የሚፈቀደው ግን 0.05 አካባቢ ነው። ስላልታሰረ ብሬን መለሰልኝ፣ ታስሮ ቢሆን ጋርኒሽኑ (በቴስታታውና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ሲቃጠል "ሞተሩን አሙቀህ ነው" ይለኝ ነበር፣ ምን ብዬ እከራከራለሁ?

ያገለገለ ዲናሞ (ባትሪ የሚሞላው) ወይ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) ግን ችግር የለውም፣ ውጪ ስለሚታሰሩ ወዲያው ይሞከራሉ። ሙሉ ያገለገለ ሞተር ስትገዙ አንዳንድ ሻጮች ብሎኩ ላይ ትንሽ ክብ ምልክት ይለጥፋሉ፣ ሙቀቱ ወደ 120 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መሃሏ ይቀልጣል፣ ከቀለጠች ወይ ከተነቀለች ዋራንቲው የለም፣ ስለዚህ ስትረከቡ ፎቶ አንሷት ራዲያተሩንና ቴርሞስታቱንም አስፈትሹ። ብሮንዚና (የኮሎው መሽከርከሪያ ልባስ)፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ የታይሚንግ ቺንጋ (ቫልቭና ፒስተን በልኩ እንዲሄዱ የሚያደርገው ቀበቶ) ያገለገለ በፍጹም አትግዙ፣ በብዙ ሞተር ቺንጋው ሲበጠስ ፒስተን ቫልቭ ይመታል፣ ሻጩ ቢበዛ የቺንጋውን ብር ይመልስላችሁ ይሆናል፣ የተጣመመው ቫልቭ የናንተ ነው።

ሻጩ ቅያሪ ልስጣችሁ ካለ ካርቶኑ ላይ ያለውን የምርት ዙር ቁጥር (ባች ነምበር) እዩት፣ ከተበላሸው ጋር አንድ ከሆነ እኔ ብሬን ነው የምጠይቀው።