ለጣርማበር ቁልቁለት የትኛው የፍሬን ሸራ? ርካሹ፣ የመንገዱ ወይስ የውድድሩ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስዊፍት ስፖርት ወይም ቪትዝ አርኤስ መኪና የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይደውልልኛል። ጥያቄው ያው ነው። «የፊት ሸራዬ አልቋል፣ የውድድሩን ከዱባይ ላስመጣ ወይስ እዚሁ ያገኘሁትን ላስገባ?» ለእያንዳንዱ ከማስረዳት አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ስሙ ከታወቀ ፋብሪካ የወጣ የመንገድ ስፖርት ሸራ ግዙ። የውድድሩን ተዉት። ርካሹን ደግሞ በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

መቼም መጀመሪያ የምትጠይቁኝ ዋጋ ነው። በቅርቡ ሶማሌ ተራ ዞሬ ስጠይቅ የርካሹ የፊት ሙሉ ሴት 2,000 ብር አይሞላም። ደህናው የመንገድ ሸራ ከ6,000 እስከ 8,000 ብር ይጠራል፣ ተከራክሮ የሚያስቀንስ አለ። የውድድሩ በሰው ሻንጣ ነው የሚመጣው፣ ከ20,000 ብር በታች የሰማሁት የለም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ነጋዴው ዋጋ የሚነግራችሁ ስልክ ደውሎ ጠይቆ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ልዩነቱን ያዙ። የመንገዱ ከርካሹ ሦስት አራት እጥፍ ይበልጣል፣ የውድድሩ ደግሞ የመንገዱን ሦስት እጥፍ ነው።

አሁን ርካሹ በመጨረሻ ስንት እንደሚያስወጣ ስሙ። አንድ ወዳጄ 1,800 ብር ከፍሎ የታወቀ የጃፓን ስም የተጻፈበት ካርቶን ይዞ መጣ። ካርቶኑ ያምራል። ሸራው ግን መያዣው ካሊፐር ውስጥ አልገባ ብሎ መካኒኩ የብረቱን ጆሮ በሞረድ ሲልግለት ዋለ። እዚያ ላይ ማቆም ነበር። ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ ደብረ ሲናን አልፎ አርማንያ ሳይደርስ የሚፋጭ ድምፅ መጣ። ጎማው ሲፈታ ሸራው ከጀርባው ብረት ተላቆ ወድቋል፣ ብረት ለብረት ነው ሲፋተግ የነበረው። ዲስኩ ላይ የተቆፈረው መስመር ጥፍር ያስገባል። ቶርኖ ቤት ወሰድነው፣ ባለሙያው ለክቶ መለሰልን። ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊሜትር ተጽፏል፣ ከዚያ በታች ከተላገ አይሆንም። ሁለት ዲስክ፣ እንደገና ሸራ፣ እንደገና የእጅ ዋጋ ተደምሮ የ1,800 ብሩ ሸራ ከ20,000 ብር በላይ አስወጣው። ሰውየው በሕይወት መውረዱን ሂሳብ ውስጥ አላስገባሁም።

ፎርጅዱን በካርቶን አትለዩትም። ሸራውን አውጡና ጠርዙን እዩ። ፋብሪካዎች ሁለት የላቲን ፊደል ያትማሉ፤ ኢኢ (EE)፣ ኤፍኤፍ (FF)፣ ጂጂ (GG)፣ አንዳንዴም የተቀላቀለ። የመጀመሪያው ፊደል ኖርማል ሙቀት ላይ፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ነው የሚናገረው። ኢ ማለት ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 የሰበቃ መጠን ነው። ለእኛ መንገድ ኤፍኤፍ እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። ኤፍኢ የሚል ካያችሁ ሲግል ይደክማል ማለት ነው፣ ለጣርማበር አይሆንም። ፊደሉን ፎርጅድ ሠሪውም ሊያትመው ይችላል፣ እሱን አውቃለሁ። ስለዚህ ጠርዙን በጥፍራችሁ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። የሚፈረፈር ከሆነ፣ ወይም ሸራውና ብረቱ መሃል ክፍተት ከታየ፣ አስቀምጣችሁ ውጡ።

የውድድሩ ሸራ ላይ ወጣቶቹ ይቀየሙኛል። ዕቃው ጥሩ ነው፣ ቦታው ግን እዚህ አይደለም። በደንብ የሚይዘው ከጋለ በኋላ ነው። ታኅሣሥ ላይ ውርጭ መስተዋቱን ሸፍኖት ባደረበት ጠዋት ከግቢ ወጥታችሁ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ስትይዙ፣ ሸራው ገና በረዶ ነው። ባጃጅ ፊታችሁ ሲገባ «ቆይ ላሙቀው» አትሉትም። መኪናችሁ ደግሞ አንድ ቶን ገደማ ናት፣ ከተማ ውስጥ ያን ሸራ የምታግልበት ጉልበት የላትም። በዚያ ላይ ይጮኻል፣ ቸርኬውን በጥቁር አቧራ ይሞላዋል፣ ዲስኩንም ቶሎ ይበላዋል። የግድ ካላችሁ ቢያንስ ዓይነቱን ለዩ። የእንግሊዙ ኢቢሲ ለምሳሌ በቀለም ነው የሚለየው፤ አረንጓዴው ለመንገድ፣ ሰማያዊው ለውድድር ሜዳ። ሰማያዊው ከቸርኬዬ ጋር ይሄዳል ብሎ ያዘዘ አውቃለሁ።

ሴራሚክ የሚባለው ሸራ ጸጥ ያለና ንጹሕ ነው፣ አዲስ አበባ ለሚውል መኪና አልቃወምም። ኦርጅናሉም ጥሩ ነው፣ ካርቶኑን ነው የምትከፍሉበት። የቶዮታ ፍሬን አምራች የሆነው አድቪክስ በራሱ ካርቶንም ይሸጣል፣ ቪትዝ ያላችሁ እሱን ጠይቁ።

የውድድሩን በመተው ከተረፈው ብር ትንሹን ፍሬን ዘይት ላይ አውጡት። ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 አካባቢ ነው የምትወርዱት፣ ያ ሁሉ ሙቀት ዘይቱ ጋ ይደርሳል። ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው፤ ዶት 3 አዲስ ሆኖ የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ነው፣ ዶት 4 ደግሞ 230። ዘይቱ እርጥበት ሲጠጣ ዶት 3 ወደ 140፣ ዶት 4 ወደ 155 ይወርዳል። ከፈላ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉም እስከ ታች ይሰምጣል፣ ያኔ የ20,000 ብር ሸራ ምንም አያደርግላችሁም። በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩ። ጋራዡ መደርደሪያ ላይ ክዳኑ ላልቶ ከከረመ ጠርሙስ አይቅዱላችሁ፣ አዲስ አስከፍታችሁ እዩ። በፎሌ፣ ማርሽ ሳያስገባ የሚወርድ ሰውማ ምንም ሸራ ቢገዛ አያድነውም፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ይግባና ሞተሩ ይያዛት።

አዲስ ሸራ ከገባ በኋላ በቀጥታ ወደ ደብረ ሲና አትንዱ። ወደ ጫጫ በኩል ሜዳው ላይ ውጡና በ60 እየሄዳችሁ ሳትቆሙ ወደ 10 አውርዱ፣ እንደገና ፍጠኑ፣ ደጋግሙት። ከዚያ ፍሬን ሳትነኩ ጥቂት ንዱና ይብረድ። ሸራው ከዲስኩ ጋር የሚላመደው እንዲህ ነው።

ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ሸራ ይዛችሁ ሂዱ፣ አዲሱን ጀርባ ለጀርባ ገጥማችሁ እዩ። ነጋዴው «መካኒኩ ትንሽ ላግ ያደርገዋል» ካለ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።