አጭር መልእክት የሚልክልን አገልግሎት፦ አሁን ስህተቱ የማን እንደሆነ ይናገራል

ኮምቦልቻ ላለ የከባድ መኪና ጋራዥ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። መኪናው ተጠግኖ ሲያልቅ ለሾፌሩ አጭር መልእክት ይሄድለታል። የሚልክልን ሌላ ድርጅት ነው፤ በኤፒአይ፣ ማለትም ሁለት ፕሮግራሞች በሚነጋገሩበት መንገድ፣ ነው የምንገናኘው። ስሙን አልጠራም። ዓመት ከመንፈቅ ስለተጠቀምኩበት የታዘብኩትን ልጻፍ።

በማድረስ በኩል እንከን አይወጣላቸውም። ቁጥሩ ልክ ከሆነ መልእክቱ ወዲያው ይደርሳል። ጣጣው ቁጥሩ ሲሳሳት ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ደሴ ቁጭ ብዬ የጋራዡ ባለቤት ሐጂ ደወሉ። «ልጄ፣ ይሄ ሲኖትራክ ከተጠገነ ሦስት ቀኑ፤ ግቢውን ዘግቶብኛል። ሾፌሩ ማንም አልነገረኝም ይላል።» የኔ ፕሮግራም ግን «ተልኳል» ይላል። ሚኒባስ ይዤ ሐረጎን ወረድኩ። መዝገቡን ስከፍት የሾፌሩ ስልክ በ09 ይጀምራል፣ አሃዙ ግን ዘጠኝ ብቻ ነው። አንድ ጎድሏል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሰርቨሩ ውጤቱን የሚናገር ባለሦስት አሃዝ ኮድ ይመልሳል፤ ድርጅቱ የመለሰልን ኮድ ደግሞ 200 ነው፤ ተሳክቷል ማለት። ከሥሩ ባለው ጽሑፍ «አልተላከም፣ ቁጥሩ ልክ አይደለም» ይላል። ፕሮግራሜ ኮዱን አይቶ አመነ።

አመለከትኩ። ከዚያ በኋላ 500 መመለስ ጀመሩ። ይሄ ባሰ! 500 ማለት «ችግሩ ከኛ ከሰርቨሩ ነው» ማለት ነው። ፕሮግራሜም ቆይቶ ይስተካከላል ብሎ ያንኑ የተበላሸ ቁጥር ሲልክ አደረ። ከኋላው የተሰለፉት ትክክለኛ መልእክቶች ጠዋት ድረስ አልወጡም።

እንደገና አመለከትኩ፤ ሰሙኝ። ዛሬ የስልክ አሃዝ ሲጎድል 422 ይመጣል፤ ጥያቄህ ገብቶኛል፣ ይዘቱ ግን አያስኬድም ማለት ነው። ከተሞላው መረጃ የትኛው ቦታ እንደተሳሳተም አብሮ ይጻፋል። ጋራዡ ውስጥ የምትመዘግበው ልጅ ስልኩ በቀይ ሲበራ ታያለች፤ ሾፌሩ ገና ከበር ሳይወጣ ጠርታ ታስተካክለዋለች። መረጃው የሚጻፍበት ቅርጽ፣ ጄሰኑ፣ ራሱ ተሰብሮ፣ ቅንፍ ሳይዘጋ ከደረሳቸው ግን 400 ነው። 422 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 ለዌብዳቭ፣ በድር ላይ ፋይል ለማረም ለተሠራው የኤችቲቲፒ ቅጥያ፣ የወጣ ነው፤ በ2022 አርኤፍሲ 9110 የተባለው ሰነድ ከዋናው የኤችቲቲፒ (የድር መነጋገሪያ) ሕግ ውስጥ አስገባው። ለሁለቱም 400 ቢሉ እንኳ አልጣላም። ስህተቱ ከላኪው ነው ከሚሉት ከ400ዎቹ ይሁን እንጂ! ያኔ ፕሮግራሜ መደጋገሙን ትቶ ሰው ይጠራል።

በአጭር ጊዜ ብዙ ጥያቄ ስልክባቸው 429 ብለው ስንት ሴኮንድ መጠበቅ እንዳለብኝ ይነግሩኛል። ለዚህ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። የሞላነው ሂሳብ ሲያልቅ 401 ይላሉ። 401 «ማንነትህን አላረጋገጥክም» ማለት ነው። በዚህ የተነሳ ማንነታችንን የሚያሳውቀው የኤፒአይ የሚስጥር ቁልፍ ተበላሸ ብዬ ግማሽ ቀን ሙሉ ቁልፍ ስቀይር ውያለሁ። 403፣ ማለትም «አልፈቅድልህም»፣ ብለው ምክንያቱን ቢጽፉልኝ በአምስት ደቂቃ ሂሳብ ሞልቼ እገላገል ነበር። ይሄንንም ጽፌላቸዋለሁ። እስኪያስተካክሉ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ቀሪ ሂሳቡን የሚጠይቅ መስመር ጨምሬያለሁ።