ሻማው ነዶ እስኪያልቅ ለቆመልን ሰው

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኛ ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ነን። በ2022 (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሱኮት፣ ማለትም በዳስ በዓል፣ አባቴንና እናቴን ይዤ ከፒሬየስ ወደብ ተነስተን የግሪክን ደሴቶች ለአንድ ሳምንት በመርከብ ዞረን ነበር። በዓላችንን ሳናፈርስ፣ ጾማችንን ሳናድር፣ ደስ ብሎን ተመለስን። ይህ የሆነው በአንድ ሰው ምክንያት ነውና ሳላመሰግነው ባልፍ ይቆጨኛል።

ሰውየው በመርከቡ ዋና የምግብ አዳራሽ የአስተናጋጆች አለቃ ነበር። ህንዳዊ ነው፤ የጎዋ ሰው፣ ክርስቲያን። ሳላስፈቅደው ስሙን አደባባይ ማውጣት ስለማልፈልግ እዚህ አልጽፈውም። መርከቡን ማወቅ የሚፈልግ ግን በግል ይጻፍልኝ፤ ሁሉንም እነግረዋለሁ።

ለምን ይህን ያህል እንደማወራለት እንዲገባችሁ ከዚህ በፊት የደረሰብንን ልንገራችሁ። በ2019 ለፋሲካ በሌላ መርከብ ሄደን ነበር። ቲኬቱን ስንገዛ «ኮሸር ምግብ አለ»፣ በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ማለት ነው፣ ተባልን። ገብተን ማዕድ ስንቀርብ ቂጣውን ከዳቦ ጋር በአንድ ቅርጫት አመጡልን። እርሾ የነካው ነገር እንዳይገኝ ቤቷን ሳምንት ሙሉ ስታጥብና ስትፍቅ የከረመች እናቴ ያን ቅርጫት ስታይ የሆነችውን መሆን አልረሳውም። የታሸገ ነው የተባለውም ምግብ ሽፋኑ ተቀድዶ፣ በእነሱ ሳህን ተገልብጦ ቀረበ። አስተናጋጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አሳምሮ ማቅረቡ ነበር። የጠየቀን ግን ማንም አልነበረም። እናቴ ያን ሳምንት በሙዝ፣ በብርቱካንና ከቤት በያዘችው ቂጣ ከረመች። አባቴም «ከእንግዲህ በዓል በቤት ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ነገር ግን መርከብ ለአባቴ መዝናኛ ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ የእስራኤል ባሕር ኃይል ወታደሮች በጎማ ጀልባ እያመላለሱ መርከብ ላይ ካወጧቸው ወጣቶች አንዱ ናቸው። እናቴ በ1984 በዘመቻ ሙሴ፣ ወገኖቻችንን ከሱዳን ወደ እስራኤል ባጓጓዘው ዘመቻ፣ በአውሮፕላን የገባች ናት፤ አባቴ ግን የመጡት በባሕር ነው። ባሕር የሚባለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያን ሌሊት ነበር። አዩት ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ጨለማ ስለነበረ ድምፁን ሰሙት እንጂ። ስለዚህ በ2022 ስልሳ አምስት ዓመት ሲሞላቸው «ምን እናድርግልዎ?» ብንላቸው፣ ያ ሁሉ ሆኖ እንኳ «ባሕር» አሉ። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፤ ረዘም ያለ ዕረፍት የማገኘው በሱኮት ነው።

እዚህ ላይ የጉዞ ወኪላችንንም ማመስገን አለብኝ። የማኅበረሰባችን ልጅ ናት፤ ሥራዋን ታውቃለች። ከጉዞው ሁለት ወር በፊት ለመርከቡ ድርጅት በጽሑፍ ጥያቄ ላከች፦ የታሸገ ምግብ ከየት ይመጣል? ሻማ የሚበራበት ቦታ አለ? ሱካ፣ የበዓሉን ዳስ፣ መትከል ይቻላል? የክፍሉ በር በኤሌክትሪክ ካርድ የሚከፈት ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ በማንነካበት በሻባት (በሰንበት) ምን ይደረጋል? ከድርጅቱ የመጣው መልስ አጭርና ቀዝቃዛ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ከመርከቡ ሌላ ደብዳቤ መጣ። የጻፈው ይህ የአስተናጋጆች አለቃ ነው፤ መልስ አልነበረም፣ ጥያቄ ነበር። «ምግቡን ማን ይክፈተው? ወይኑን ማን ይቅዳ? የትኛውን ነገር ብነካ አስቀይማችኋለሁ?» ይላል። አባቴ ሳነብላቸው ዝም ብለው አዳመጡና «ከዚህ ሰው ጋር እንሄዳለን» አሉ።

እሑድ ጥቅምት 9 ከሰዓት በኋላ መርከቡ ላይ ወጣን። በዓሉ የሚገባው በዚያው ምሽት ነው። ለበዓሉ ሥርዓት ከእስራኤል የያዝነው ሉላቡ (የዘንባባው ዝንጣፊ)፣ ትርንጎው፣ ባርሰነቱና አኻያው በእርጥብ ፎጣ ተጠቅልለው፣ የሱካው ጣሪያ የሚሆነው የቀርከሃ ምንጣፍም ተጠቅልሎ በትከሻዬ ላይ ነበር። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ምንጣፉን አይታ «ይህ የት ሊደረግ ነው?» አለች። በላይኛው ወለል ላይ በነፋሱ ምክንያት እንደማይፈቀድ ነገረችን።

ሱካ መትከል የአስተናጋጅ ሥራ አይደለም። ሰውየው ግን ኮቱን እንደለበሰ ሄዶ የመርከበኞቹን አለቃ ይዞ መጣ። ከመርከቡ በስተኋላ፣ ሁለት የብረት ግድግዳዎች የሚገናኙበት፣ ከላይ ግን ምንም ጣሪያ የሌለው ማዕዘን አሳዩን። አባቴ መሐሉ ላይ ቆመው አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ፤ ከሰማይ በቀር ምንም የለም። ሁለቱ የብረት ግድግዳዎች የሱካችን ግድግዳ ሆኑ፤ ሦስተኛውን ይዘነው በመጣነው ሠራን። ገመዱን ያሰሩልን ሁለት መርከበኞች ናቸው፤ እንደነሱ ያለ ቋጠሮ እኔ አይቼ አላውቅም።

አባቴ በጎንደር በነበሩበት ጊዜ በመንደራቸው እንደዚህ ለብቻው ዳስ የመትከል ልማድ አልነበረም፤ ታልሙድንም፣ የአይሁድ ሊቃውንትን የሕግና የትምህርት መጽሐፍ፣ ያወቁት እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው፣ ቄሶቻችን የሚያነቡት ኦሪትን ነበርና። ከታልሙድ ታሪኮች ሁሉ ግን አንዱን አጥብቀው ይወዱታል። የጥንቶቹ ሊቃውንት ረባን ጋምሊኤልና ረቢ አኪቫ በመርከብ ሲጓዙ ረቢ አኪቫ መርከቡ ላይ ሱካ ሠራ፤ በማግስቱ ነፋስ ተነስቶ ነቀለው፤ ረባን ጋምሊኤልም ሱካህ የት አለ ብሎ ጠየቀው። ሰኞ ሌሊት የእኛንም መርከብ ነፋስ መታው። እንቅልፍ አልወሰደንም። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ አባቴ ጉልበታቸው እያመማቸው ደረጃውን ወጥተው ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ሱካው ቆሟል። በጣሪያው ላይ እኛ ያላሰርነው፣ ገና ነጭ የሆነ አዲስ ገመድ በመስቀለኛ ተጋድሞ በብረቱ ታስሯል። ማን እንዳሰረው እስከ ዛሬ አላወቅንም። አባቴ እጃቸውን በገመዱ ላይ አድርገው «አለ!» አሉ፤ ለረባን ጋምሊኤል የሚመልሱ ይመስሉ ነበር።

አሁን ወደ ሻማው ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ልቤን የነካኝ እሱ ነው። በመርከብ ላይ እሳት ትልቅ አደጋ ስለሆነ በክፍል ውስጥ ሻማ ማብራት ፈጽሞ ክልክል ነው። ተገቢ ሕግ ነው። ስለዚህ ከአዳራሹ አጠገብ ባለች አነስተኛ ክፍል፣ በብረት ትሪ ላይ እንድናበራ ተፈቀደልን፤ ግን አንድ ሁኔታ ነበረው፦ የነደደ እሳት ጠባቂ ሳይኖረው መቆየት አይችልም። እኛ ደግሞ በበዓል ያበራነውን ሻማ አናጠፋም። እናቴ ፀሐይ ከመግባቷ በፊት፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ሁለቱን ሻማዎች አብርታ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ባረከች። ከዚያ ወደ ሱካችን ወጣን። ከራት በኋላ በዚያ በኩል ስናልፍ ሰውየው በሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ የእሳት ማጥፊያው ከእግሩ ሥር ነው። ሌላ ሰው ሊተካው ሲመጣ «አዳራሹን አንተ ጠብቅልኝ» ብሎ መለሰው። ሻማዎቹ ነደው እስኪያልቁ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። በማግስቱ ለምን ራሱ እንደቆመ ስጠይቀው «ሰው ቢያጣ አንድ ወጣት እፍ ብሎ ያጠፋዋል ብዬ ፈራሁ» አለኝ።

ምግቡ ደግሞ እንዲህ ነበር። በሁለት ሽፋን የታሸገ ሆኖ፣ ማኅተሙ ሳይነካ ይመጣል። ሰውየው ትሪውን አባቴ ፊት አስቀምጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ አባቴ ማኅተሙን አይተው በእጃቸው ይከፍቱታል። የወይኑ ጠርሙስ ከነቡሹ ከመክፈቻው ጋር ይቀመጣል፤ ከተከፈተ በኋላ እሱም ሆነ ሠራተኞቹ አይነኩትም። ፍራፍሬው ሳይቆረጥ፣ ቢላዋው ከነማሸጊያው። እውነቱን ለመናገር የታሸገው ምግብ ይሰለቻል፤ ዶሮ፣ ደግሞ ዶሮ፣ አሁንም ዶሮ። ነገር ግን ሳንጠራጠር በላን፤ ለእኛ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

በአዳራሹ ከአሜሪካ የመጡ ሁለት አይሁዳውያን ቤተሰቦችም ነበሩ። እኛ ከእስራኤል የመጣነው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ እንደ ሙሉ በዓል ስናከብር፣ እነሱ እንደ ውጭ አገር ሥርዓት ሁለት ቀን ያከብራሉ። ሰውየው ይህን ለይቶ በትንሽ ማስታወሻው ጽፎ ይዞታል። ማክሰኞ እኛ ፎቶግራፍ ስናነሳ፣ እነሱ ግን በበዓል ስለማይጽፉ፣ የሚፈርሙበትን ገጽ «ነገ ይጽፋሉ» ብሎ ሳያስፈርማቸው ሲያልፍ አይቻለሁ።

ረቡዕ ሮድስ ደረስን። የታሸገ ቀዝቃዛ ምሳችንን በቦርሳ አድርጎ ገና ሳይነጋ አቆየልን። በአሮጌው ከተማ የአይሁድ ሰፈር ውስጥ ካሃል ሻሎም የተባለው ምኩራብ አለ፤ በ1577 የተሠራ፣ በግሪክ አገር እስከ ዛሬ ከሚጸለይባቸው ሁሉ የቆየው ነው። በሐምሌ 1944 ናዚዎች ከሮድስና ከኮስ ደሴቶች ሰብስበው ወደ አውሽዊትዝ ከላኳቸው አይሁድ ከ1,600 በላይ የሚሆኑት አልተመለሱም። እነሱንም ከደሴቲቱ የወሰዷቸው በጀልባ ነው። አባቴ በምኩራቡ ውስጥ ከጥቁርና ነጭ ጠጠር የተሠራውን ወለል እያዩ ለረጅም ጊዜ ተቀመጡ። ብዙ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ዓርብ ዕለት ሰውየው የፀሐይ መግቢያውን ሰዓት ከመርከቡ ማዘዣ ክፍል ጠይቆ በወረቀት ጽፎ በበራችን ሥር አስገባልን፤ መርከቡ ስለሚንቀሳቀስ ከቤት ይዘነው የመጣነው ሰዓት አይሠራምና። የበሩንም ነገር ከክፍላችን አስተናጋጅ ጋር አስቀድሞ ጨርሶ ነበር፤ ልጁ በተነጋገርንበት ሰዓት በመተላለፊያው ላይ ይገኛል፣ ሳንጠይቀው ይከፍታል። ለአሜሪካኖቹ ምግባቸው ከፀሐይ መግባት በፊት ማሞቂያ ውስጥ ገባ። አባቴ ግን በሻባት ትኩስ አይበሉም። በአገር ቤት እሳት ከሰንበት በፊት ይጠፋል፣ የሚበላውም ቀዝቃዛ ነው፤ ያንን ልማድ አልተዉም። ሰውየው መጀመሪያ የተሳሳተ መስሎት ደነገጠ። ነገሩን ሳስረዳው ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ፤ ከዚያም እናቴ ቤት ጋግራ፣ እኛው ጠቅልለን አሽገን በመርከቡ ማቀዝቀዣ ያስቀመጥነውን ዳቦ ዓርብ ጠዋት አስወጥቶ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ድረስ በእናቴ ስፌት አድርጎ አቆየልን። ሻባት ጠዋት ማሸጊያውን አባቴ ፈትተው ባርከው ቆረሱ። ባሕር መሐል የእናቴን ዳቦ በላን።

ለመሄድ የምታስቡ ወገኖቼ፣ ክፍል ስትይዙ በታችኛው ወለል፣ ለደረጃ ቅርብ የሆነውን ጠይቁ። በሻባት አሳንሰር ስለማንጠቀም አባቴ አምስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተዋል፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ አላሰብኩበትም። መርከቡ በበዓል ቀን ወደብ ቢቆምም መውጫው ላይ ካርድ በማሽን ስለሚነበብ የምትውሉት መርከቡ ላይ መሆኑን እወቁ። ጥያቄያችሁን ደግሞ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ላኩ።

እሑድ ጠዋት፣ በሆሻዕና ራባ፣ በሱኮት ሰባተኛ ቀን፣ ከመውረዳችን በፊት አባቴ እንደ ዕለቱ ልማድ አኻያውን በመርከቡ ወለል ላይ መቱ። ቅጠሉ ተበተነ። መጥረጊያ የያዘ መርከበኛ ቆሞ ሲመለከት ነበር፤ «ልጥረገው?» ብሎ በእጁ ምልክት ጠየቀ፤ አባቴም በፈገግታ ራሳቸውን ነቀነቁለት።

እናቴ ስፌቷን ለሰውየው ሰጠችው። አባቴ ደግሞ «ልጄ» ብለው ጠርተው፣ እጃቸውን በራሱ ላይ ጭነው «እግዚአብሔር ያክብርህ፣ ዕድሜህን ያርዝመው፣ እናትህን በሕይወት ያገናኝህ» ብለው በአማርኛ መረቁት። ምርቃቱ እስኪያልቅ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆየ፤ ከዚያ ምን እንዳሉት ጠየቀኝ። ስተረጉምለት የእናቱ ነገር ላይ ስደርስ እናቱን ካያት ስምንት ወር እንደሆነው ነገረኝ።

ለመርከቡ ድርጅት የምስጋና ደብዳቤ ልኬያለሁ፤ በሥራ መዝገቡ ላይ እንዲያያዝለትም ጠይቄያለሁ። ያኔ ውሉ በታኅሣሥ አልቆ አገሩ እንደሚገባ፣ ወደ መርከቡም በመጋቢት እንደሚመለስ ነግሮኝ ነበር። ለፋሲካ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ከአሁኑ ጻፉልኝ፤ የላክናቸውን ጥያቄዎችም እንዳሉ እሰጣችኋለሁ።