ቮልሴ ላይ ሁለት ዓይነት ፓራፋንጎ ገጥሜ 14 ወር ነዳሁ

ቮልሴ የ1966 እ.ኤ.አ. ስሪት ናት። የፊት ፓራፋንጎዎቿ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍኑት) ሁለቱም አልቀው ነበር። ሁለቱንም በአንዴ ለማሠራት ኪሴ አልፈቀደም። ስለዚህ የግራውን በላሜራ (በስስ ብረት) አስቀጠቀጥኩ፣ የቀኙን የፋይበር ግላስ ገዛሁ።

ይሄ ቮልስ ስለሆነች የሚሞከር ነገር ነው። እንደነ ፎርድ ሞዴል ቲ ባሉ የድሮ መኪኖች ላይ ፓራፋንጎ ለብቻው ተሠርቶ በቡሎን የሚታሰር አካል ነበር። ብዙዎቹ በኋላ ቅርጹን ከቦዲው ጋር አዋህደውት ሲያልፉ፣ ቮልስ ግን በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ የ1930ዎቹን አሠራር አልለቀቀችም። 13 ቁልፍ ይዞ መፍታት ነው። ቡሎኑ እሺ ካለ! የኔ ሁለቱ ተቆርጠው በድሪል ነው የወጡት።

የላሜራውን የሠሩልኝ ሽማግሌ ባለሙያ ናቸው። መጀመሪያ በአሮጌው ልክ ካርቶን ቆረጡ። ከዚያ ላሜራውን መሃሉ በተቦረቦረ ጉቶ ላይ አስቀምጠው እስኪያብጥ ቀጠቀጡት። በየመሃሉ በእሳት ያሞቁታል። «ሲመታ ይደርቃል ልጄ፣ ካላለሰለስከው ይሰነጠቃል» አሉኝ። ጠርዙን ሽቦ ላይ ጠቀለሉት፤ ያለዚያ እንደ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ያስቸገራቸው የመብራቱ ጎድጓዳ ነው። የኔዋ መብራት ወደ ኋላ ጋደል ያለው የድሮው ዓይነት ስለሆነ ለብቻው ሠርተው በየዱት። በ10 ቀን ያሉት ሰባት ሳምንት ፈጀ። ስንገጥመው ደግሞ ሦስት ቀዳዳ አልገጠመም፤ በሞረድ ሰፋ።

ፋይበሩ ዋጋው ከላሜራው ግማሽ አይሞላም፣ ቀላል ነው፣ በአንድ ከሰዓት ተገጠመ። ማታ ላይ ግን የቀኝ ፍሬቻ እምቢ አለ። አምፖል ቀየርኩ፣ ፊውዝ ቀየርኩ፣ ወይ ፍንክች። ለካ ፍሬቻው ማሳ (የኤሌክትሪኩን መመለሻ) የሚያገኘው በፓራፋንጎው ብረት በኩል ነው። ፋይበር ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ኤሌክትሪሺያኑ ከቦዲው አንድ ገመድ ስቦ በአምስት ደቂቃ ገላገለኝ። ፋይበር የምትገዙ ይችን አትርሷት።

በስምንተኛው ወር የፋይበሩ አንድ የቡሎን ቀዳዳ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እንደ ብረት አጥብቄ አስሬዋለሁ። አሁን ሰፋፊ ሮንዴላ አድርጌ ላላ አድርጌ አስሬዋለሁ፣ ስንጥቁም ቆሟል። ቀለሙ ግን ከቦዲው ተለይቷል። ጠዋት አይታይም፣ አመሻሽ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ላሜራውም ክረምቱን በሰላም አላለፈም። ጎማው የሚረጨው ጭቃ መብራቱ ጀርባ ላይ ይከማቻል። ብየዳው ጋ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) በደንብ አልደረሰም መሰለኝ፣ የሳንቲም ያህል ዝገት አበጠ። ፍቄ ቀባሁት። አሁን በየሳምንቱ ከውስጥ በኩል በውሃ እመታዋለሁ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ግን ባጃጅ ነው። መብራት ላይ ቆሜ ግራዋን ገጨኝና ጎደጎደች። ሽማግሌው ጋ ወሰድኳት። ከጀርባ ብረት ደግፈው፣ ከፊት በመዶሻ ቶክ ቶክ አድርገው፣ ቡና ሳይፈላ መለሷት። ፋይበሩ ቢሆን ስብርባሪውን ነበር የምለቅመው።

የቀኙንም በላሜራ አዝዣለሁ። ቀብድ ከፍያለሁ። በ10 ቀን ብለውኛል።