ባለጎማው የስኪ ቦርሳ ከአንድ በጋ በኋላ፦ ለመንገድ ይሁን፣ ለማስቀመጫ አይሁን

የቦርሳው ገበር ላይ ቡናማ መስመር ታትሞ ቀርቷል። ርዝመቱ መዳፍ ያህላል፤ ቦታውም የውስጠኛው ቀበቶ ስኪውን ከስፖንጁ ጋር አጥብቆ የሚይዝበት ላይ ነው። በስኪው የብረት ጠርዝ ጎን፣ ልክ ከዚያ ትይዩ፣ ያው መስመር ዝገት ሆኖ ተቀምጧል። በጣት ሲዳስሱት ይሻክራል፣ በጥፍር ሲፍቁት ዱቄቱ ይረግፋል። ስኪው ከማርች መጨረሻ ጀምሮ እዚያ ውስጥ የተቀመጠው ታጥቦ፣ ደርቆና ታችኛው ገጹ ሰም ተቀብቶ ነው።

ስለዚህ ይህ ግምገማ በአብዛኛው ስለ ዝገት ነው። የቦርሳው መለያ ላይ ለጉዞም ለበጋ ማስቀመጫም እንደሚሆን ተጽፏል። ስለ ጉዞው የተጻፈው እውነት ነው። ስለ ማስቀመጫው የተጻፈውን አምኖ የሚሠራ ሰው ግን ስኪውን ያበላሻል።

ጉዞውን በአጭሩ ልጨርሰው። ሁለት ጥንድ ስኪ ከነዱላው ይይዛል፣ ጎማዎቹ በኤርፖርት ወለል ላይ ያለ ችግር ይንከባለላሉ፣ ዚፑ አልተበጠሰም፣ በሁለቱ ጫፎች ያለው ወፍራም ስፖንጅም የሻንጣ ጫኞችን ውርወራ ችሏል። ከዋሽንግተን ወደ ዴንቨር ስኪ ይዞ የሚበር ሰው እንዲህ ያለ ቦርሳ ያስፈልገዋል። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ጣጣው ያለው ገበሩ ላይ ነው። ጨርቅ ይመስላል እንጂ በፕላስቲክ የተለበጠ ነው፤ ዚፑም ውኃ እንዳያሳልፍ ተለብጧል። አየር የሚወጣበት ቀዳዳ አንድም የለውም። ሻጮች ይህንኑ እንደ ትልቅ ብልጫ ይቆጥሩታል፦ «ውኃ የሚባል ነገር አያስገባም!» ይላሉ። አዎ፣ አያስገባም። የገባውንም አያስወጣም። ከተራራ ሲወርዱ በረዶ የያዘ ስኪ ቦርሳው ውስጥ ይገባል፤ በረዶው መንገድ ላይ ይቀልጣል፤ ውኃው በስፌቱ በኩል ወደ ስፖንጁ ይሰርጋል። ገበሩ በጨርቅ ሲወለወል ደረቅ ይመስላል፤ ስፖንጁ ግን ከሥር ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ስፌቱ ላይ ነጭ የወረቀት ፎጣ አንጥፎ ለአንድ ደቂቃ ያህል በጉልበት መጫን። ወረቀቱ ከራሰ ቦርሳው አልደረቀም ማለት ነው፤ ገበሩ የፈለገውን ያህል ቢያብለጨልጭ።

ስፖንጁ ፍጹም ደረቅ ቢሆን እንኳ የተዘጋ ቦርሳ ሌላ ችግር አለው። 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 23 ግራም የውኃ ተን ይይዛል፤ ወደ 15 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን መያዝ የሚችለው 13 ግራም ያህል ብቻ ነው። 25 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ቦርሳው ውስጥ ተዘግቶበት፣ ቦርሳው ቀዝቃዛ የቤዝመንት ሲሚንቶ ላይ ቢጋደምና ውስጡ ወደ 15 ዲግሪ ቢወርድ፣ ጠብታ ውኃ ሳይጨመርበት እርጥበቱ 100 በመቶ ይሞላል። ትርፉ ውኃ ደግሞ መጀመሪያ የሚያርፈው በጣም የቀዘቀዘው ነገር ላይ ነው፤ ብረቱም ከቀዘቀዘ አያመልጥም። የስኪ ጠርዝ ስለት መያዝ ስላለበት የሚሠራው ከጠንካራ የካርቦን ብረት እንጂ ከማይዝገው ዓይነት አይደለም። እንዲህ ያለ ብረት ለመዛግ እስኪርስ አይጠብቅም፤ የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ሻጩ የተዘጋጀ መልስ አለው፦ «ለዚያ እኮ ነው ሲሊካ ጄል አብሮ የሚመጣው!» ይመጣል፤ አንዲት ከረጢት፣ 5 ግራም። ሲሊካ ጄል የሚመጥጠው የክብደቱን ሲሶ፣ ቢበዛ ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ 5 ግራሙ 2 ግራም ውኃ እንኳ አይሞላለትም። የቦርሳው ውስጥ 190 በ30 በ20 ሴንቲሜትር ነው፤ ወደ 114 ሊትር አየር ማለት ነው። ከላይ በጠቀስኩት እርጥበት ያ አየር ብቻውን 1.6 ግራም ውኃ ይዟል። ከረጢቷ የመጀመሪያውን አየር አድርቃ ትጠግባለች፤ ስፖንጁ ውስጥ ላለው ውኃ ምንም አይተርፋትም። በዚህ መንገድ መሄድ የፈለገ ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ይግዛ፤ ሲጠግብ ከብርቱካናማ ወደ አረንጓዴ የሚለወጠውን ዓይነት ይምረጥ። 120 ዲግሪ በሆነ ምድጃ ለሁለት ሦስት ሰዓት ሲደርቅ እንደገና ይሠራል። ሰማያዊው ዓይነት ኮባልት ክሎራይድ አለበት፤ ልጆች ባሉበት ቤት አላስገባውም። ይህ ሁሉ ወጪና ድካም ግን ዚፑን ከፍቶ በመተው ብቻ የሚቀር ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያስደስት ነገር ቢኖር ሰሙ የሠራው ሥራ ነው። ዝገቱ የያዘው ሰም ያልደረሰበትን ቦታ ብቻ ነው። ታችኛው ገጽ ላይ በካውያ የፈሰሰው ሰም ጠርዙን ተሻግሮ በሸፈነበት ሁሉ ብረቱ ያበራል፤ የዛገው ካውያ የማይነካው የጠርዙ ጎን ነው። መፍትሔውም ከዚሁ ይገኛል፦ ሰሙ ፈሶ ከቀዘቀዘ በኋላ የሰሙን ቁራጭ በጠርዙ ጎን ላይ ከጫፍ እስከ ጭራ ሁለት ሦስት ጊዜ ማሸት፣ ከዚያም በአውራ ጣት እየጫኑ ማለስለስ። ለአንድ ጥንድ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቦርሳውን ከሚሸጡት መካከል ይህን የሚናገር አላገኘሁም።

ከሰሙ በፊት ያለው ሥራ ቅደም ተከተሉ ካልተጠበቀ ሰሙ ጨውንና ዝገትን አሽጎ ያስቀምጣል። መጀመሪያ ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት የዕቃ ሳሙናና ለስላሳ ስፖንጅ። በተለይ መኪና ጣሪያ ላይ ተጭኖ የሄደ ስኪ የመንገድ ጨው ጠጥቷል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ መንገድ ላይ የሚረጨው ተራ ጨው ነው፤ ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ ማግኒዚየም ክሎራይድ ይጠቀማሉ፤ እሱ ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ ካልታጠበ ብረቱን ሲያረጥበው ይከርማል። በኃይል የሚረጭ የመኪና ማጠቢያ ግን አይነካ፤ አሸዋውን ወደ ባይንዲንጉ (ጫማውን ከስኪው ጋር ወደሚያያይዘው መቆለፊያ) ውስጥ ይገፋል፣ ፋብሪካው የቀባውንም ግራሶ ያጥባል። ከታጠበ በኋላ በጨርቅ ተወልውሎ ቤት ውስጥ ይደር።

በማግስቱ ዝገት ካለ ላስቲክ በሚመስለው የዝገት ማጥፊያ ድንጋይ በቁመቱ ማሸት፤ ጠርዙ ድንጋይ መትቶት የሻከረ ከሆነ በደቃቅ የአልማዝ መሳያ ማለስለስ። ሞረድ አያስፈልግም። ጠርዙ ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሞረድ በነካው ቁጥር የስኪው ዕድሜ ያጥራል። ከባድ ጥገና የሚፈልግ ስኪ ካለ ኤፕሪል ላይ ወደ ጥገና ቤት ይሂድ፤ ኖቬምበር ላይ ወረፋ ነው፣ ሥራውም ይጣደፋል።

ቀጥሎ ሰሙ። መጀመሪያ ለስላሳ ሰም በካውያ አቅልጦ ሳይቀዘቅዝ መፋቅ ነው፤ ቆሻሻውን ይዞት ይወጣል። ከብርቱካን ዘይት የሚሠራው ማጽጃ ቆሻሻውን ከሰሙ ጋር አጥቦ ገጹን ስለሚያደርቀው ለማስቀመጫ አልመክረውም። ከዚያ የማስቀመጫው ሰም በወፍራሙ ይፈስሳል፤ ለአንድ ጥንድ ከ60 ግራም ሰም ግማሹ ይበቃል። የካውያው ሙቀት በሰሙ ካርቶን ላይ የተጻፈው ነው፤ ለስላሳ ሰም አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ይፈልጋል። ሰሙ ከጨሰ ሙቀቱ በዝቷል። ካውያው አንድ ቦታ ላይ አይቁም፤ የስኪው የላይኛው ገጽ በእጅ ሲነካ ከሞቀ አቁሞ ማቀዝቀዝ ነው፤ ሙቀቱ በዛ ማለት ሙጫው አደጋ ላይ ነው። የልብስ ካውያ ሙቀቱ ወዲያና ወዲህ ስለሚል፣ የእንፋሎት ቀዳዳውም ሰም ስለሚጠጣ አይሆንም። ሰሙ ሳይፋቅ በጋውን ይከርማል።

አንዳንድ ሱቅ ለዚህ ሥራ ውድ ሰም ሊሸጥልዎ ይሞክራል። ለማስቀመጫ የሚያስፈልገው ርካሹ፣ ለስላሳው፣ ለሞቃት በረዶ የሚባለው ተራ ሰም ነው። ከድሮ የተረፈ ፍሎሪን ያለበት ሰም እንዳይሸጥልዎም ይጠንቀቁ፤ ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ከ2023/24 ወቅት ጀምሮ ከውድድር ያስወጣው ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ማቅለጡ ደግሞ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ወደ ቦርሳው ልመለስ፤ የውስጥ ቀበቶዎቹ ሌላም ጥፋት አላቸው። ሁለት ስኪ ገጽ ለገጽ ሲገጠም ጫፍና ጭራው ይነካካል፣ መሀሉ ላይ ክፍተት ይቀራል። ስኪውን በበረዶ ላይ ሕይወት የሚሰጠው ያ ቅስት ነው። ቦርሳው ያለው ግን በመሀል በኩል የሚጠብቅ ሰፊ ቀበቶ ነው፤ ለበረራ ይሁን፣ ለወራት ግን ቅስቱን ደፍጥጦ መያዝ ምንም ጥቅም የለውም። ለማስቀመጥ ጫፍና ጭራው ላይ ላላ ያለ ማሰሪያ ይበቃል፤ በላዩም ምንም ዕቃ አይጫን።

ስለ ባይንዲንጉ ሙግት አለ፤ ለበጋ ቁጥሩ (ጫማውን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚወስነው) ይላላ የሚሉ አሉ። እኔ አላላላውም። ማላላቱ የሚያመጣው ትርፍ አልታየኝም፤ አደጋው ግን ግልጽ ነው፦ ዲሴምበር ላይ ረስተውት ይወጡና ስኪው በመጀመሪያው መታጠፊያ ይፈታል። የሚያላላ ሰው ቁጥሩን በፕላስተር ላይ ጽፎ እዚያው ይለጥፍ። ዘይት የሚረጭበትም አለ፤ ግራሶውን ስለሚያሟሟው ክልክል ነው። በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል፤ በየዓመቱ ወቅቱ ከመጀመሩ በፊትም ጥገና ቤት በመለኪያ ማሽን ይፈትሸው።

ቦታው ራሱ ብዙ ነገር ይወስናል። ለዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪ ቅርብ የሆኑት የፔንሲልቬኒያዎቹ የስኪ ቦታዎች ሊበርቲና ዋይትቴይል አብዛኛውን ጊዜ በማርች ውስጥ ዘግተው የሚከፍቱት ዲሴምበር ላይ ነው፤ ስኪው ከሚሠራበት ይልቅ ተቀምጦ የሚያሳልፈው ጊዜ ይበልጣል፤ ያውም በእርጥብ በጋ። ዴንቨር የሚኖር ሰው አየሩ ደረቅ ነው፤ የኮሎራዶው የስኪ ቦታ አራፓሆ ቤዝን ደግሞ ብዙ ዓመት እስከ ጁን ድረስ ክፍት ስለሚሆን የማስቀመጫው ጊዜ ያጥራል። እዚያ ያለ ሰው ይህን ቦርሳ ቢያሞግሰው አልገረምም፤ የሱ ምስክርነት ግን ዋሽንግተን አጠገብ ላለችው ለሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንት አይሠራም። ቤዝመንት የግድ ከሆነ ከወለሉ ከፍ አድርጎ ግድግዳ ላይ ማንጠልጠልና እርጥበት መምጠጫ ማሽኑን ከ50 በመቶ በታች እንዲይዝ ማስተካከል ነው። ጣሪያ ሥር ያለው ክፍል በጋ ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወርዳል፣ ሙጫውም ይጎዳል። ጋራዥ ውስጥ የመዋኛ ክሎሪን ወይም ማዳበሪያ ካለ ብረቱን ይበላዋል። የጫማው ነገር አጭር ነው፦ የውስጡን ለስላሳ ክፍል አውጥቶ ማድረቅ፣ መልሶ ከቶ ዘለበቶቹን ላላ አድርጎ መቆለፍ፤ ካልተቆለፈ ፕላስቲኩ ተከፍቶ ቅርጹን ያጣል።

ቦርሳውን አልመልሰውም፤ ለበረራ የገዛሁትን ያህል አገልግሏል። ለማስቀመጫ ግን ዳግመኛ አይነካኝም፤ ያንን ተስፋ መለያው ላይ የጻፈው ክፍል ስኪ አስቀምጦ የሚያውቅ አይመስለኝም። የሚሻለው ያረጀ የጥጥ አንሶላ ነው፤ ስኪውን ላላ አድርጎ ጠቅልሎ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ በሁለት የእንጨት ካስማ ማንጠልጠል። «አቧራውስ?» ለሚል ሻጭ መልሱ፦ አቧራው የሚያርፈው ሰሙ ላይ ነው፤ ዲሴምበር ላይ ሰሙ ሲፋቅ አብሮ ይወርዳል።

ቦርሳው እጁ ላይ ያለ ሰው ከመጨረሻው ጉዞ በኋላ ዚፑን እስከ ታች ይክፈት፣ ገበሩን ወደ ውጭ ይገልብጥ፣ ስፌቱን ወደ ማራገቢያ አዙሮ ስፌቱ ላይ የሚጫነው የወረቀት ፎጣ ደረቅ ሆኖ እስኪነሣ ድረስ ያቆየው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሙሉ ቀን ይወስዳል። አምራቹ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ መዳፍ የሚያህል የመረብ መስኮት ቢያስገባ፣ ገበሩንም በዚፕ የሚወልቅ ቢያደርገው ቦርሳው የተባለለትን መሆን ይችላል። እስከዚያው ዱላና ጓንት ይቀመጥበት።