በጆርጂያ የኦንላይን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ ትንሽ ልጅ ለማስመዝገብ ለምታስቡ ወላጆች

በአትላንታ ዙሪያ፣ በተለይም በክላርክስተንና በዲካልብ ካውንቲ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል፣ ልጃቸውን ገና በኪንደርጋርተን ዕድሜ በኦንላይን የመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የሚያስቡ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዱ የልጁ ጤና ያሳስበዋል፤ የአንዳንዱ የሥራ ፈረቃ ከትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሰዓት ጋር አልገጥም ብሎታል፤ ሌላው ደግሞ ልጁ እንግሊዝኛ እስኪለምድ ድረስ ከዓይኑ እንዳይርቅ ይፈልጋል። እኛ ሴት ልጃችንን ከአገር ቤት ይዘናት በመጣን ማግሥት ያስመዘገብናት በዚህ በመጨረሻው ምክንያት ነው። ትምህርቱ ከጠበቅነው በላይ የተዘጋጀ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ሆኖም ዋጋ የሚኖረው ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጎን የሚቀመጥ አዋቂ ሰው ሲኖር ብቻ ስለሆነ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ይህን ጥያቄ በቤታችሁ ቁርጥ አድርጋችሁ መልሱ።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች በግዛቱ የቻርተር ትምህርት ቤቶች (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ፣ ግን በራሳቸው ቦርድ የሚመሩ ትምህርት ቤቶች) ኮሚሽን ፈቃድ የሚሠሩ፣ ከመላው ጆርጂያ ተማሪ የሚቀበሉና የትምህርት ክፍያ የማይጠይቁ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ወላጅ ራሱ ሥርዓተ ትምህርት መርጦ በቤቱ ከሚያስተምርበት ከሆምስኩል ይለያሉ፤ መምህር ይመደባል፣ የመገኘት መዝገብ ይያዛል፣ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮም ልጁ የግዛቱን ፈተና ይወስዳል። የልዩ ፍላጎት ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ መብቱ እንደማንኛውም የመንግሥት ትምህርት ቤት የተጠበቀ ነው።

ልጁ ኪንደርጋርተን የሚገባው እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር እስከ ነሐሴ 26 ድረስ፣ አምስት ዓመት ሲሞላው ነው። በጆርጂያ የትምህርት ግዴታ የሚጀምረው በስድስት ዓመት በመሆኑ ኪንደርጋርተን በሕግ አይገደድም፤ ነገር ግን ልጁ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ተመዝግቦ 20 የትምህርት ቀናት ካለፈው የመገኘት ግዴታው ከዚያ ጀምሮ ይጸናበታል። «እንሞክረውና ካልሆነ እንተወዋለን» ብለው የሚመዘገቡ ሰዎች ይህን ድንጋጌ ቢያውቁት መልካም ነው።

ምዝገባው የሚጠይቀው የልደት ማስረጃ፣ የመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫ፣ የክትባት ማስረጃና የዓይን፣ የጆሮ፣ የጥርስና የአመጋገብ ምርመራ የተመዘገበበትን ቅጽ 3300 ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወይም መስጠት የማይፈልግ ወላጅ ይህንኑ ገልጾ በመፈረም ያልፋል። የኢሚግሬሽን ሁኔታ ደግሞ የምዝገባ መስፈርት ሊሆን አይችልም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ማንኛውም ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት የመማር መብት አለው። በችግር ምክንያት ዘመድ ቤት ተጠግተው የሚኖሩ ቤተሰቦችም የኪራይ ውል የለንም ብለው ወደኋላ እንዳይሉ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ሰነዳቸው ባይሟላም ወዲያውኑ እንዲመዘገቡ የፌዴራል ሕግ ያዛል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብን የክትባቱ ጉዳይ ነበር። ከአገር ቤት የመጣው የክትባት ካርድ ቀኑ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በመሆኑ፣ በ2012 የተሰጠ ክትባት እንደ ፈረንጆቹ ዓመት ከተነበበ ልጅቷ ከመወለዷ በፊት የተከተበች ትመስላለች። ስለዚህ ወደ ክሊኒክ ከመሄዳችሁ በፊት እያንዳንዱን ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀይራችሁ በተረጋገጠ ትርጉም ያዙ። ቀኑ ቢስተካከልም ሁሉም ክትባት አይቆጠርም። አገር ቤት የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በዘጠኝ ወር ነው፤ እዚህ ግን የሚቆጠረው ልጁ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ የተሰጠው ብቻ ሲሆን፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባትም አብሮ ይጠየቃል። በአገር ቤት መደበኛ ፕሮግራም ያልነበሩት የጉድፍና የሄፓታይተስ ኤ ክትባቶችም ይጠየቃሉ። በክትባቶቹ መካከል የግድ መጠበቅ ያለበት ጊዜ ስላለ፣ ትምህርቱ በኦገስት ይጀምራልና ይህን ሥራ ከፀደይ ወራት ማስጀመሩ ይሻላል። መጨረሻ ላይ የሚቀርበው ካርዱ ሳይሆን የጆርጂያ የክትባት ማስረጃ የሆነው ቅጽ 3231 ነው።

በምዝገባው ላይ ቅር ያሰኘን የቋንቋው አያያዝ ነው። እኛ ባስመዘገብንበት ትምህርት ቤት የመመዝገቢያው ፖርታል በአማርኛ አልነበረም፤ ስልክ ስንደውልም አስተርጓሚ እስኪገኝ ጉዳዩ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቆየ። አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የሚመነጭ መብት ነው፣ ትምህርት ቤቱም ወጪውን ችሎ ማቅረብ አለበት። በቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ በሚጠይቀው ቅጽ ላይም አማርኛ ብላችሁ ያለ ስጋት ጻፉ። ልጁ የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ ይሰጠዋል፤ ድጋፍ ካስፈለገውም ያገኛል። ያንን ድጋፍ የሚያገኙ ልጆች በየዓመቱ የሚወስዱት ፈተና ግን በአካል ቀርበው የሚፈተኑት ስለሆነ፣ መፈተኛ ጣቢያው ከቤታችሁ ምን ያህል እንደሚርቅ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። ከመጀመሩ በፊት በሣጥን የተላከልን ዕቃ በእርግጥ የሚያስደስት ነው፤ ባለቀለም መጻሕፍት፣ የመቁጠሪያ ኩቦች፣ ማግኔት ያላቸው ፊደላትና እየተጻፈ የሚጠፋ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ይገኙበታል። በቀጥታ ስርጭት የሚሰጠው ክፍል ለትንንሽ ልጆች እንዲመች አጠር ያለ ነው፤ መምህርቷም ሥራዋን የምትወድና የምትችል ናት። አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ቲ እና ኤች ተጣምረው የሚሰጡትን ድምፅ ስታስተምር ፊቷን ወደ ካሜራው አስጠግታ ምላሷን በጥርሶቿ መካከል አውጥታ አሳየች፤ ልጆቹም በየተራ ማይክራቸው እየተከፈተ ደገሙት። ድምፁ በአማርኛ የሌለ በመሆኑ፣ በዚያ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ሲመጣ ከኤፍ ድምፅ ስለማይለይ፣ ልጃችን «ስሪ» የሚለውን ቁጥር «ፍሪ» ብላ ደገመች። መምህርቷም በስክሪኑ ላይ ከተደረደሩት ፊቶች መካከል ይህን ለይታ መስማት አልቻለችም። እርማቱ የመጣው አጠገቧ ተቀምጦ አፏን ከሚያይ ሰው ነበር።

ይህ ሰው በትምህርት ቤቱ አጠራር «ለርኒንግ ኮች» ይባላል፤ በምዝገባው ሰነድ ላይ ወላጅ ወይም ሌላ አዋቂ ሆኖ በስሙ ይመዘገባል። መርሐ ግብሩን ይከታተላል፣ ልጁ መገኘቱን በፖርታሉ ያስገባል፣ የተሠራውን ሥራ ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ የቀጥታ ክፍሉ ካበቃ በኋላ ደግሞ አብዛኛውን ልምምድ የሚያሠራው እሱ ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ወላጅ ብቻውን ሊሸከመው ቢሞክር ጤናውን ይጎዳል፣ ልጁም ይበደላል። ይህን በግልጽ የምጽፈው በማኅበረሰባችን ውስጥ በፈረቃ የሚሠራው ሰው ስለሚበዛ ነው።

በእኛ ቤት ቀኑን የምትውለው እናቴ ናት። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ቢሆንም ኩቦቹን እያስቆጠረች፣ እርሳስ አያያዝ እያስተካከለች፣ የክፍሉን ሰዓት ከማንም በላይ እያከበረች ትልቁን ሥራ ይዛልናለች። ፖርታሉን መክፈትና መመሪያ ማንበብ ግን አልቻለችም። ስለዚህ የነገውን የልምምድ ገጾች ማታ አትመን በቅደም ተከተላቸው ማኅደር ውስጥ እናስቀምጥላታለን፤ ከሥራ ስንመለስ ደግሞ የተሠራውን አይተን እንልካለን። የቀለምና የወረቀቱ ወጪ የሚሸፈነው ከራሳችን ኪስ ነው፤ ፈጣን ኢንተርኔቱም እንዲሁ። ኮምፒውተሩን ትምህርት ቤቱ ያውሳል። የትምህርት ቤት ምሳና የነርስ አገልግሎት አይኖርም።

በ2023 የወጣው የግዛቱ የንባብ ሕግ ከኪንደርጋርተን እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች በዓመት ሦስት ጊዜ በንባብ እንዲመዘኑ ያዛል። በቤት ውስጥ በሚደረገው ምዘና ወቅት መልስ በሹክሹክታ የሚነግሩ ዘመዶች አሉ። በፍቅር የሚደረግ ነገር ቢሆንም፣ ውጤቱ ልጁ ተጨማሪ እገዛ ማግኘት አለማግኘቱን ለመወሰን ስለሚያገለግል ልጁን የሚያስቀረው ከዚያው እገዛ ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት።

የኦንላይን ቻርተር ትምህርት ቤቶችን በአገር አቀፍ ደረጃ የመረመረው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሬዶ ማዕከል በፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ያወጣው ጥናት፣ ተማሪዎቹ በአካል ከሚማሩ እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ በዓመት ውስጥ በንባብ የ72 ቀናት፣ በሒሳብ ደግሞ የ180 ቀናት ትምህርት ያህል ወደኋላ መቅረታቸውን አሳይቷል። 180 ቀን ማለት አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ነው። ጥናቱ ከኮሮና ወረርሽኝ በፊት የተሠራ ቢሆንም ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም፤ እኛ ራሳችን በሒሳቡ ላይ ተጨማሪ ሰዓት የምንመድበው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሌላው ጉድለት ጓደኛ ነው። ልጃችን ከእኩዮቿ ጋር የምትጫወተው በሰንበት ትምህርት ቤትና በሠፈራችን መጫወቻ ሜዳ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሚያዘጋጃቸው የጉብኝት ቀናት ቢኖሩም ቦታው ብዙ ጊዜ ይርቃል። የእንግሊዝኛ ንግግሯም ከንባቧ ይልቅ ዘግይቷል፤ ልጅ ቋንቋ የሚለምደው በጨዋታ መሀል ነውና አይገርምም።

በአጠቃላይ ቀኑን ቤት የሚውል፣ ትዕግሥት ያለውና ማታ ማታ የሚያግዘው ሰው ያለው ቤተሰብ በደንብ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ሕመም ላለበት ልጅማ ትልቅ እፎይታ ነው። ሁለቱም ወላጆች ቀን የሚሠሩበትና ሌላ አዋቂ የሌለበት ቤት ግን የሠፈሩን ትምህርት ቤት እንዲመርጥ እመክራለሁ። እኛ ኪንደርጋርተንን በዚሁ ጨርሰን፣ ለአንደኛ ክፍል ወደ ሠፈራችን ትምህርት ቤት ልናዛውራት ወስነናል። በዓመቱ መካከል መዛወር የሚፈልግም አይከለከልም፤ ነገር ግን የልጁ ስም ያለ ምክንያት ከቀሩ ተማሪዎች ጋር እንዳይመዘገብ፣ በአዲሱ ትምህርት ቤት መመዝገቡን ሳታረጋግጡ ከኦንላይኑ አታስወጡት፤ የተዋሳችሁትን ኮምፒውተር ስትመልሱም የመላኪያውን ደረሰኝ አስቀምጡ።